ለእንግዳ የተጠረገ ደን

አንኮበር ላይ ጉም ሲወጣ ድምፅ አለው። ጉሙ ከታች ከቆላው ይነሳና ገደሉን እየዳሰሰ ይመጣል። መጀመሪያ የባሕር ዛፎቹን እግር ይደብቃል፣ ቀጥሎ ወገባቸውን፣ በመጨረሻ ጫፋቸው ብቻ ይቀርና ዛፎቹ አየር ላይ የተንጠለጠሉ ይመስላሉ። ድምፁ ያኔ ነው የሚሰማው። ከቅጠል ወደ ቅጠል እየተቀባበለ የሚወርድ ጠብታ ነው፤ ዝናብ አይባል፣ ዝምታም አይባል። ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ድምፅ ውስጥ ቆሜ ደረቅ ቅጠል ሲመዘን እጽፍ ነበር። ሥራ ነው ብል ከክፍል ጓደኞቼ ማንም አያምነኝም፤ ግን ሥራ ነበር፣ ደብተርም ነበረው።

ሥራውን የሰጠችኝ እኛ ቤት ክፍል የተከራየች ተመራማሪ ናት። እናቴ መንገዱ ዳር ሻይና ዳቦ ትሸጣለች፤ ከሻይ ቤቱ ጀርባ አንድ ትርፍ ክፍል አለን። በጥቅምት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት ቀጭን ሴት ጀርባዋ ላይ ትልቅ ቦርሳ አዝላ፣ በእጇ አራት ማዕዘን የእንጨት ፍሬም ይዛ ከሚኒባስ ወረደችና ክፍሉን ጠየቀች። እናቴ መጀመሪያ ያየችው ፍሬሙን ነው።

«ልጄ፣ መስኮት ይዘሽ ነው የምትከራዪው? ክፍሉ መስኮት አለው እኮ፤» አለቻት።

«ይሄ የመሬት ነው፤» አለች እንግዳዋ። ፍሬሙን ደጃፋችን ላይ ጣል አደረገችውና በእሱ ውስጥ ወደ ታች አየች። «መሬቱን በቁራጭ በቁራጭ ነው የማየው። ሁሉንም ባንዴ ካየሁት ምንም አላይም።»

እናቴ ሻይ ቀዳችላት። እኔ ከዚያች ቀን ጀምሮ «እትዬ» እላት ጀመር።

እትዬ የመጣችው የምርምር ፌሎሺፕ አግኝታ ነው። ፌሎሺፕ ማለት፣ እኔ እንደገባኝ፣ አንድ ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ይዞ እንዲቆይ የሚሰጠው ጊዜ ነው። ለእሷ የተሰጣት አንድ ዓመት ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ አማካሪዋ መጥተው ሥራዋን ያያሉ። ካመኑበት ሁለተኛ ዓመት ይፈቅዱላታል፣ ካላመኑበት ጥያቄዋን ሳትጨርስ ጠቅልላ ትሄዳለች። ይህን የነገረችኝ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። እኔም ከዚያ ወዲህ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ከእሷ እኩል ቀን እቆጥር ነበር።

ጥያቄዋም ይህ ነው። ከደን ውስጥ ደረቁ ቅጠልና ጭራሮ ቀድሞ ቢነሳ፣ እሳት የመጣ ዕለት ጉዳቱ ምን ያህል ይቀንሳል? ይቀንሳል ማለት ለማንም ቀላል ነው። እሷ የፈለገችው «ምን ያህል» የሚለውን ነበር።

ከዓመታት በፊት ቁልቁለቱን በልቶ ያለፈ እሳት አለ። እኔ ትንሽ ስለነበርኩ የማስታውሰው ሽታውን ብቻ ነው። እትዬ ግን እሳቱን አሁንም ከግንዶቹ ላይ ታነበው ነበር። ጥቁሩ ጠባሳ እስከየት እንደወጣ ምልክት ባለው ዘንግ ትለካለች። መንደሩ አጠገብ፣ ሴቶች ለምድጃ ቅጠል በሚጠርጉበት በኩል፣ ጥቁሩ ከጉልበቴ አያልፍም። ወደ ታች፣ ሰው በማይበዛበት፣ እጄን ዘርግቼም አልደርስበትም።

«በቃ ታወቀ እኮ እትዬ፤» አልኳት።

«ምኑ ታወቀ? ምናልባት ታች ነፋሱ ይበረታ ይሆናል። ምናልባት እሳቱን ያፈጠነው ቁልቁለቱ ነው። ቅጠሉ ነው ለማለት ከቅጠሉ በቀር ሌላው ሁሉ አንድ ዓይነት የሆነ ቦታ ያስፈልገኛል።»

ያንን ቦታ ራሷ ሠራችው። በአንድ ቁልቁለት፣ በአንድ ዓይነት ባሕር ዛፍ ሥር፣ እያንዳንዱ የሻይ ቤታችንን የሚያህል አሥራ ሁለት ቦታ መርጣ በችካልና በገመድ ከለለች። ስድስቱን ሙልጭ አድርጋ ጠረገች። ስድስቱን እንዳሉ ተወቻቸው፤ ለምልክትም ቀይ ሪባን አሰረችባቸው። ያልተነኩት ማወዳደሪያ ናቸው። እነሱ ከሌሉ የተጠረጉት ብቻቸውን ምንም አይነግሩንም አለችኝ። ከገመዱ ውስጥ ለምድጃ የሚሆን ቅጠል እንዳይወሰድ የመንደሩን ሴቶች ለመነቻቸው። እሺ አሉ፣ ቃላቸውንም ጠበቁ።

በፍሬሙ ውስጥ የገባውን ቅጠል እሷ ትመዝናለች፣ እኔ እጽፋለሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ የጻፍኩትን አልረሳውም። «ውብ በሆነው ጫካ ውስጥ ወፎች እየዘመሩ ሳለ በርካታ ቅጠል አገኘን» ነበር ያልኩት። እትዬ አነበበችና እስክሪብቶዋን አወጣች።

«የትኛዋ ወፍ ናት? በርካታ ስንት ነው? ውብ መሆኑን የምትነግሪው ለማን ነው?»

ፊቴ ጋለ። ሰረዝኩትና «ሦስተኛው ቦታ። ጉም። ቅጠሉ ከላይ እርጥብ፣ ከሥር ደረቅ። የማላውቃት ወፍ ሁለት ጊዜ ጮኸች» ብዬ ጻፍኩ።

ረጅም ጊዜ አየችው። «አሁን አየሁት፤» አለች።

ምን ልበላችሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ጽሑፍ የሰው ልብስ ነበር የሚመስለኝ፤ ለድርሰት ክፍለ ጊዜ ተውሼ የምለብሰው፣ ትከሻው የሚሰፋኝ። «አሁን አየሁት» ከተባልኩ ወዲህ ግን በመንገድ ስሄድ ዓረፍተ ነገር ከኋላዬ ይከተለኝ ጀመር። ውኃ ስቀዳ ይመጣል። ሻይ ሳቀርብ ይመጣል፤ አንድ ጊዜ በእሱ ምክንያት አንድ ሹፌር ስኳር የሌለው ሻይ ጠጥቶ ሄዷል።

በየወሩ ከየቦታው የተወሰደውን ናሙና በማዳበሪያ ይዘን ደብረ ብርሃን እንሄድ ነበር። የሚኒባሱ ረዳት ማዳበሪያውን ጣሪያ ላይ ሊሰቅል ሲያነሳው ክብደት ስላጣበት ወደ ኋላ ሊወድቅ ነበር።

«ምንድን ነው ይሄ? ባዶ ነው እንዴ?»

«ቅጠል ነው፤» አለች እትዬ።

«ደብረ ብርሃን ቅጠል አለቀ?»

«የደብረ ብርሃኑን ብርድ መትቶታል፣» አሉ ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እየተከናነቡ፤ «የኛው ነው የሚሻለው።»

«እንግዲህ ሰው ቢሆን ወንበር እሰጠው ነበር፤» አለና ረዳቱ በሩን ዘጋው።

ደብረ ብርሃን ካለው ቤተ ሙከራ ጀርባ ነፋስ የማይገባበት ግቢ አለ። እትዬ ቅጠሉን ብረት ትሪ ላይ ዘርግታ አጠገቡ ዘንግ ታቆምና ትለኩሰዋለች። ነበልባሉ የደረሰበትን እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፤ በዚያ ግቢ ብቻ ሥራ እንለዋወጥ ነበር። ከተጠረገው ቦታ የመጣው ስስ ቅጠል እንቅልፍ እንደያዘው ልጅ ዓይን ሁለት ሦስቴ ብልጭ ይልና ይተኛል። ካልተነካው የመጣው ግን መጀመሪያ ዝም ነው። ጭሱ ከሥር ከሥር ይሄዳል፤ ጠፋ ስትሉ ባንዴ ተነስቶ ይቆማል። ሽታው ጉንፋን ሲይዘኝ እናቴ በብርድ ልብስ ሸፍና የምታጥነኝ ያው ሽታ ነው። ዓይኔን ስጨፍን አልጋዬ ላይ ያለሁ ይመስለኛል፤ ስገልጥ እሳቱ ከፊቴ ዘንጉን እየወጣ ነው። ሁለቱንም መሆን ደስ ይለኝ ነበር።

እንዲህ እያልን ጥቢው አልፎ በጋው፣ በጋው አልፎ ክረምቱ መጣ። አንድ ቀን፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ እናቴ ለዳቦው ቅጠል ጠርጋ ስትመለስ ሪባኖቹን አይታ ኖሮ ሊጥ እያሸች ጠየቀችኝ።

«ያቺ ልጅ ግማሹን ጠርጋ ግማሹን ለምን ተወችው?»

«ሳይንስ ነው እማ። አይገባሽም።»

እናቴ ዓይኗን ሊጡ ላይ መለሰች። ማሸቷን ቀጠለች። እኔም ጥሩ የመለስኩ መስሎኝ ደብተሬን ብብቴ ሥር አድርጌ ወጣሁ።

መስከረም ገባ። አንድ ረቡዕ እራት ላይ እትዬ አማካሪዋ ቅዳሜ ጠዋት እንደሚመጡ ነገረችን። ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው ነበር፣ እንጀራዋን ግን አልነካችም። በማግስቱ እሳቸውን ልትቀበልና ወረቀቶቿን ልታስተካክል ደብረ ብርሃን ወረደች። እሷ ከወጣች በኋላ እናቴ ያዘችኝ።

«እኚህ ሰውዬ ምን ሊያዩ ነው የሚመጡት?»

«ቦታዎቹን። አሥራ ሁለቱንም አንድ በአንድ ያያሉ።»

«ካልወደዱትስ?»

«ትሄዳለቻ።»

እናቴ በእጇ የያዘችውን ብርጭቆ ሦስት ጊዜ ወለወለችው። እኔ ትምህርት ቤት ረፍዶብኝ ሮጥኩ።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስወጣ ገመዶቹ እንዳልረገቡ ላይ ብዬ በቀጥታ ወደ ደኑ ሄድኩ። ጉሙ ገና ከወገብ በታች ነበር። ከሩቅ መጀመሪያ ያየሁት አረንጓዴ ነው፤ በዛፎቹ መካከል፣ መሬት ላይ፣ የተነጠፈ አረንጓዴ። እግሬ ዘገየ። ቀረብኩ።

ሪባን የታሰረባቸው ስድስቱም ቦታዎች ተጠርገዋል። አንድ ቅጠል የለም፣ አንድ የቅርፊት ስንጥር የለም። የመጥረጊያው መስመር እንደተበጠረ ፀጉር አፈሩ ላይ ይታያል። በላዩ ላይ ትኩስ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ዝናብ ያፈዘዛቸው ሪባኖች እንደ ሕፃን ሹሩባ በአዲስ ቋጠሮ ታስረዋል። ጠብታው ከላይ እየወረደ ቄጠማው ላይ ያርፋል። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ያን ያህል ያማረ ነገር አላየሁም። ለጥቂት ጊዜ ማማሩን ብቻ ነበር የማየው። ከዚያ ማወዳደሪያዎቹ መጥፋታቸው ገባኝ።

የደኑ ጠባቂ ዱላቸውን ይዘው ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉ።

«እ? እንዴት አገኘሽው? አዳራሽ አላስመሰልነውም?»

«ጋሼ፣ ማን ነው የጠረገው?»

«ማን ያልጠረገ አለ። እናትሽ ትናንት ጎረቤቱን ሁሉ በደቦ አወጣችው። ስድስት ሴት፣ ለያንዳንዷ አንድ ቦታ። እኔ ደግሞ ያችን ጥግ፣ ወገቤ እስኪቆረጥ።»

«እርስዎ ጠባቂ አይደሉም እንዴ?»

«እየጠበቅኩ ነው የጠረግኩት፤» አሉ ቅር ብሏቸው።

ቤት ስደርስ እናቴ ለቅዳሜ እንግዶች ዳቦ ልታቦካ ዱቄት እየነፋች ነበር። ከግድግዳው ሥር ስድስት ጠቅጠቅ ያሉ ማዳበሪያዎች ተደርድረዋል። ፊቷ ላይ ያለው ደስታ መናገሬን አዘገየብኝ።

«አየሽው?» አለችኝ። «ልጅቷ ብቻዋን ናት። ስድስቱን እንደምንም ጠረገች፣ ስድስቱ ዓመቱን ሙሉ አቅቷት ቀረ። አለቃዋ መጥቶ ግማሽ ሥራ ቢያይ ምን ይላታል? ሰው እኮ አላት ማለት አለበት።»

«እማ፣ እነዚያ ሆን ተብለው የተተዉ ናቸው።»

«ሆን ተብሎ የሚቆሽሽ ቦታ አለ?»

 በደብተሬ ውስጥ ያሉት ቃላት አንዳቸውም ለእናቴ አይሆኑም። ዓይኔ የሊጡ ቡሃቃ ላይ አረፈ።

«እማ፣ አዲስ እርሾ ብትገዢ፣ ሥራውን ይሠራ እንደሆነ እንዴት ታውቂያለሽ?»

«ምን ችግር አለው። ከአንድ ዱቄት ሁለት ሊጥ አቦካለሁ። አንዱን በእርሾ፣ አንዱን ያለ እርሾ።»

«ያለ እርሾ ባስቀመጥሽው ላይ ጎረቤት መጥታ፣ አዝናልሽ፣ እርሾ ብትጨምርበትስ?»

የእናቴ እጅ ወንፊቱ ላይ ቆመ። ወደ ማዳበሪያዎቹ አየች፣ ወደኔ አየች። ዱቄቱ ትንሽ ትንሽ እየወረደ ነበር።

«ይሄን ነው፣» አለች ቀስ ብላ፣ «አይገባሽም ያልሽኝ?»

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ራሴን አቀረቀርኩ። እሷ ግን እንደዚያ ሆና አልቆየችም፤ ነጠላዋን አነሳች።

«ተነሺ። ሴቶቹን እጠራለሁ። ቄጠማውን አንስተን ቅጠሉን እንመልሰዋለን። ሳይጨልም እንጨርሳለን፤ ሰው አያውቅም።»

እንዴት እንደፈለግኩት። በዓይኔ ቅጠሉ ተመልሶ ሲነጠፍ፣ ቅዳሜ ሲነጋ፣ አማካሪው ራሳቸውን ሲነቀንቁ፣ እትዬ ሌላ ዓመት ከእኛ ጋር ስትቀመጥ አየሁት። ግን ለእሷ ሳልነግር እንዴት? ኔትወርክ የሚገኘው መንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ሲወጣ ነው። ወጣሁና ደወልኩ። በስልኩ ውስጥ ከኋላዋ የሚኒባስ ረዳቶች «አዲስ አዲስ» እያሉ ሲጣሩ ይሰማል። ሁሉንም ነገርኳት።

«ስንቱ?» አለች።

«ስድስቱም።»

«ቄጠማ ነው ያልሽው?»

«ቄጠማ።»

አንድ ድምፅ አወጣች፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አላወቅኩም። 

«አትመልሱት፣» አለችኝ። «አንዴ የተነሳ ቅጠል እንደነበረው አይተኛም። ከሥር ያለው እርጥበት ሌላ፣ አየሩ ሌላ ይሆናል። እሳቸው ባያውቁ እኔ አውቃለሁ። ቄጠማውንም ተዉት። ያየሽውን ጻፊ። ለምን እንደሆነም ጻፊ።»

ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጥኩ ጻፍኩ። ያየሁትን መጻፍ ቀላል ነበር። «ለምን» የሚለው ነው የከበደኝ። መጀመሪያ «ሴቶቹ ስላልገባቸው» ብዬ ጻፍኩ። አየሁት። አሳምሬ የጻፍኩት ነው፣ ግን ልክ አይደለም። ሰረዝኩትና «ስላልነገርኳቸው» አልኩ። አንድ ቃል ነች፤ ከጻፍኳት በኋላ ግን እስክሪብቶው እጄ ላይ ከብዶኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጉሙ እስከ ዛፎቹ አንገት ነበር። አማካሪዋ አጠር ያሉ ሰው ናቸው፣ ባርኔጣ አድርገዋል፣ የከተማ ጫማቸው እያንሸራተታቸው በሦስት እግር፣ ማለትም በዘንጋቸው እየተደገፉ ወረዱ። እትዬ ከኋላቸው ናት፤ ቀይ ዓይኗን አየሁ። እናቴ ቅሪ ብላትም እንቢ ብላ ነጠላዋን አደግድጋ ተከተለችን።

እትዬ የጠረገቻቸውን ስድስቱን አንድ በአንድ አዩ፣ ችካሎቹን በዘንጋቸው ነኩ፣ ጥሩ ነው አሉ። ከዚያ ቄጠማው ጋ ደረሱና ቆሙ። ጫማቸውን ሊያወልቁ ይሁን ምን አላውቅም፣ አንድ እግራቸውን አንስተው መልሰው አስቀመጡ።

«ይህ ምንድን ነው?»

እትዬ ወደ እኔ ዞረች። ደብተሩን አቀበልኳቸው። ጮክ ብለው አነበቡት።

«ዓርብ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ጉም ከወገብ በታች። ማወዳደሪያ ስድስቱም ቦታዎች ተጠርገዋል። ቄጠማ ተጎዝጉዟል። የጠረጉት እናቴ፣ አምስት ጎረቤቶቻችንና ጠባቂው ናቸው፣ ሐሙስ ከጠዋት እስከ ምሳ። እትዬ እንግዳ ፊት እንዳትሳቀቅ ብለው ነው። ማወዳደሪያ መሆናቸውን ስላልነገርኳቸው።»

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ።»

«ስላልነገርኳቸው በይ ያለሽ ማን ነው?»

«ማንም።»

እናቴ ወደ ፊት መጣች። «ጌታዬ፣ ጥፋቱ የኛ ነው። ልጅቷን እንዳይቆጧት።»

«የትኛዋን ልጅ?»

«ሁለቱንም።»

አማካሪው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እህቴ፣ የጠረጋችሁትን ቅጠል አነደዳችሁት?»

«እንዴት ተደርጎ? ለምድጃ አንወስድም ብለናታል፣ የእሷ ቅጠል ነው። ቤቴ ነው ያለው፣ እንደታሰረ።»

«ከየትኛው ቦታ የትኛው እንደመጣ ግን አይታወቅም።»

«ለምን አይታወቅም? እያንዳንዷ የጠረገችውን ራሷ ነው ያሰረችው። የአንዷ ቋጠሮ ካንዷ አይመሳሰልም፤ ዓመት ሙሉ ስንሸከም የኖርን ሰዎች ነን እኮ። ማን የት እንደጠረገች ደግሞ ቆጥሬ አሳይዎታለሁ።»

እትዬ ቀና አለች። ቅጠሉ ሁሉ፣ ከየቦታው፣ ተለይቶ አለ ማለት ነው። እኛ በፍሬም ቁራጭ ቁራጩን ነበር የምንመዝነው፤ የአንድን ቦታ ሙሉ ሸክም መዝነን አናውቅም። አማካሪውም ይህንን አስበው ይሆናል፤ ቄጠማውን በዘንጋቸው ጫፍ ገለጥ ገለጥ አደረጉት።

«ማዳበሪያዎቹ ይመዘኑ፣» አሉ ኋላ ላይ። «ግን ስህተት ነው፤ በሪፖርቱም ስህተት ተብሎ ይጻፋል። ማወዳደሪያ ለሌለው ሥራ ሁለተኛ ዓመት አልፈቅድም።»

 የእትዬን ፊት ማየት ስላልቻልኩ ጫማዋን አየሁ።

«ስድስት ወር እፈቅዳለሁ። በዚሁ ዓይነት ቁልቁለት፣ በዚሁ ዓይነት ዛፍ ሥር፣ ለዓመታት መጥረጊያ ያልነካው ስድስት ቦታ ፈልጊ። ካላገኘሽ እዚህ ላይ ያበቃል።»

«እዚህ ዙሪያ ያልተጠረገ የት አገኛለሁ?» አለች እትዬ፣ ለእሳቸው ሳይሆን ለራሷ። «አንድ ወር ፈልጌ ነው እነዚህን ያገኘሁት።»

«እሱን ለኛ ተዪው፣» አለች እናቴ። «የተጠረገውን የምናውቅ ያልተጠረገውን አናውቅም? ከፏፏቴው ማዶ፣ ሁለቱ ሸንተረሮች መሃል። ቅጠሉ እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ወርደሽ ትጠርጊያለሽ፤ ሸክም ይዘሽ ግን ዳገቱን አትወጪውም። እኔ ልጅ እያለሁ ጀምሮ እዚያ የጠረገ የለም።»

አማካሪው እስክሪብቶአቸውን አወጡና የፈቃዱን ወረቀት በደብተሬ አስደግፈው ፈረሙ። ወረቀቱ ላይ አንድ ጠብታ ወርዶ «ስድስት» የሚለው ቃል ትንሽ ተዘረጋ።

ማዳበሪያዎቹን እዚያው ሻይ ቤቱ በር ላይ መዘንናቸው። ሴቶቹ በየተራ መጥተው ቋጠሯቸውን አሳዩ፤ አንደኛዋ የእኔ ነው የከበደው ብላ እስከ ማታ ስትኩራራ ዋለች። እናቴ ሁለት ትንንሽ ሊጥ አቡክታ፣ አንዱን በእርሾ፣ አንዱን ያለ እርሾ፣ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችና ለመጣው ሁሉ አስረዳች። ከእኔ ይልቅ እሷ ስትናገረው ይገባል። ጠባቂው ሳይቀሩ ጎንበስ ብለው አይተው፣ «ታዲያ ያኔ ይሄን ብትነግሪኝ ወገቤን አልቆርጠውም ነበር፤» አሏት።

በሚቀጥለው ሳምንት እናቴ መንገዱን እየመራች ማዶ ወረድን። እውነቷን ነው። ቅጠሉ ሲረገጥ ድምፅ የለውም፤ እግር ይሰጥማል፣ ከሥር የዓመታት ሽታ ይወጣል። እትዬ እዚያ መሃል ቆማ ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ ችካሎቹን መትከል ጀመረች። ስድስት ወር አጭር ነው፤ ይበቃ አይበቃ ማናችንም አላወቅንም። እኔ ገመዱን ያዝኩላት፣ ደብተሩን ከፍቼ «አንደኛው አዲስ ቦታ» ብዬ ጻፍኩ።

እናቴ ከገመዱ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታየን ነበር። ጉሙ ከሸንተረሮቹ መሃል እየሞላ መጥቶ የእትዬን እግር ሸፈነው። አንድ ረጅም ደረቅ ቅጠል ከላይ ተላቀቀ፤ እየተሽከረከረ፣ እየቆመ፣ እንደገና እየተሽከረከረ ወረደና ልክ ገመዱ ሥር፣ እናቴ ፊት ለፊት አረፈ። እጇ ሳታስበው ወደ ቅጠሉ ሄደ። ግማሽ መንገድ ላይ አቆመችው፣ ጣቶቿን አየቻቸው፣ መለሰችና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄንንም ትጽፊዋለሽ?» አለችኝ።

«እጽፈዋለሁ።»

«ጻፊው። ግን እንዳልነካሁት አድርገሽ።»